ሦስት ደቂቃ አላችሁ፦ ጎረቤት «እዚህ አይሠራም» ያለውን አፎርደብል ሃውዚንግ ደግፎ ለመናገር

መጀመሪያ የሄድኩበት የሰፈር ስብሰባ አንድ ትምህርት ቤት ካፌቴሪያ ውስጥ ነበር። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ብርድ ያለበት ማታ። አጀንዳው አውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ሊሠራ የታሰበ የኪራይ ሕንፃ ነው። ከቤቶቹ ግማሾቹ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የታሰቡ ናቸው፤ አፎርደብል ሃውዚንግ የሚባለው ይሄ ነው። አንዱ ተነሥቶ ስለ ፓርኪንግ አወራ። ሌላዋ ስለ ትምህርት ቤት መጨናነቅ። ሦስተኛው «የሰፈራችን መልክ» አለ። ከተናገሩት ሁሉ የደገፈው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም የዲቨሎፐሩ፣ ማለትም ሕንፃውን የሚያሠራው ድርጅት፣ ጠበቃ ነው። እኔ ከኋላ ቁጭ ብዬ፣ በዚያው ወር ስለጨመረው የቤዝመንት ኪራዬ እያሰብኩ፣ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ወጣሁ።

ይሄ የዲሲ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በማሳቹሴትስ 97 ከተሞችና ቀበሌዎች የተያዙ የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎችን ለቅመው ነበር። ስለ አዳዲስ ቤቶች ከተናገሩት ሰዎች የደገፉት 15 በመቶ ገደማ ብቻ ሆነው ተገኙ። ተናጋሪዎቹ ከቀረው ነዋሪ ይልቅ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ወንዶችና የቤት ባለቤቶች የሚበዙባቸው ናቸው። ቤቱ የሚሠራለት ሰው በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነው፤ ወይ ልጅ እያስተኛ ነው፤ ወይ ስብሰባ መኖሩን አልሰማም። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል። እዚህ ጎረቤቱ መጮህ ከጀመረ ቆይቷል።

ስለዚህ እንዴት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚባል፣ ምን እንደማይባል ልጻፍላችሁ። ምሳሌዬ ዲሲ ነው፤ የማውቀው እሱን ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላላችሁም መንገዱ ተቀራራቢ ነው፤ የሚለየውን በየቦታው እጠቅሳለሁ።

1. ወሬውን ቀድማችሁ ስሙ

ዲሲ ውስጥ አንድ ሕንፃ የዞኒንግ (የት ቦታ ምን ዓይነት ሕንፃ እንደሚሠራ የሚወስነው ደንብ) ፈቃድ ሲጠየቅበት፣ ከቦታው በ200 ጫማ ውስጥ ላሉ የንብረት ባለቤቶች በፖስታ ማስታወቂያ ይላካል። ለባለቤቶች። ማዶ ያለው አፓርታማ ውስጥ አሥር ዓመት የተከራየ ሰው ደብዳቤው አይደርሰውም። ችግሩ እዚሁ ላይ ይጀምራል።

ለተከራይ የሚቀረው አጥር ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ነው። ከሂሪንጉ (ውሳኔ ሰጪዎቹ ሕዝቡን ከሚሰሙበት ስብሰባ) 40 ቀን በፊት መለጠፍ አለበት። ስታልፉ ቆም በሉና በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ከሁሉም በላይ የሚያስፈልጋችሁ የኬዙ (የማመልከቻው መዝገብ) ቁጥር ነው። በዚያ ቁጥር የዞኒንግ ቢሮው ድረ ገጽ ላይ የዲቨሎፐሩን ማመልከቻ፣ ሥዕሉን፣ የተቃዋሚዎቹን ደብዳቤ ሳይቀር በነፃ ታነባላችሁ።

2. የት እንደሚወሰን ለዩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የተሳሳተ ስብሰባ ላይ ያማረ ንግግር ያደርጋል።

ሕንፃው አሁን ያለው ዞኒንግ የሚፈቅደው ከሆነ ሂሪንግ የሚባል ነገር የለም፤ ፈቃዱን አውጥቶ ይሠራል። ጎረቤት ቢናደድም ያው ነው። ከተፈቀደው በላይ ከፍታ ወይም ብዙ ቤት ሲጠየቅ ነው ነገሩ ወደ ዞኒንግ ኮሚሽን የሚሄደው። ኮሚሽኑ አምስት አባላት አሉት፤ ሦስቱን ከንቲባው ይሾማል፣ ሁለቱ የፌዴራል መንግሥት ወንበሮች ናቸው። የሚሰበሰቡት ሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነው። በፈረንጁ አቆጣጠር 4 ሰዓት ማለት ነው፤ «10 ሰዓት» ብዬው ማታ ኮምፒውተሩን የከፈተ ወዳጅ አለኝ። ስብሰባው በኢንተርኔት ስለሆነ ከሥራ ቦታ፣ ከመኪና ውስጥም መግባት ይቻላል። መኪናዋ ግን ትቁም።

ከዚያ በፊት ደግሞ ኤኤንሲ አለ። ኤኤንሲ የሰፈር ምክር ቤት ነው። እያንዳንዱ ኮሚሽነር 2,000 ገደማ ነዋሪ ይወክላል፤ ለሁለት ዓመት ይመረጣል፤ ደመወዝ የለውም። የኤኤንሲው የጽሑፍ አስተያየት በሕግ «ትልቅ ክብደት» ይሰጠዋል። ዞኒንግ ኮሚሽኑ እንዳሉት የመወሰን ግዴታ የለበትም፤ ግን ያነሡትን ስጋት አንድ በአንድ ጠቅሶ መልስ መስጠት አለበት። ጦርነቱ የሚጀመረውም ብዙ ጊዜም የሚያልቀው ኤኤንሲው ላይ ነው። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ እዚያ ሂዱ።

ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ላላችሁ፣ ፕላኒንግ ቦርዱ ሐሙስ ሐሙስ ዊተን በሚገኘው ቢሮው ይሰበሰባል። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የከተማው ምክር ቤት ሕዝብ የሚሰማው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ በሥራ ቀን ፈቃድ መጠየቅ ለሚከብደው ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ዜግነት አያስፈልግም። ግሪን ካርድም አይጠየቅም። ሆኖም አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ስማችሁና አድራሻችሁ በመዝገብ ይገባል፣ ቪዲዮውም ኢንተርኔት ላይ ይቀራል። የመኖሪያ ወረቀታችሁ ጉዳይ ካላለቀ መጀመሪያ ጠበቃ አማክሩ። በእናንተ ፈንታ ዜግነት ያለው የቤተሰብ አባል ወይም የምታምኑት ማኅበር ሊናገር ይችላል።

3. ወረቀቱን አንብቡ፤ በተለይ «አፎርደብል ለማን?» የሚለውን

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ዲቨሎፐሩ «አፎርደብል» ስላለ ብቻ አታጨብጭቡ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። መንግሥት በየዓመቱ የአካባቢውን መካከለኛ የቤተሰብ ገቢ ያወጣል። በ2024 በዋሽንግተን አካባቢ ለአራት ሰው ቤተሰብ 154,700 ዶላር ነበር። ቤቶቹ ከዚያ ላይ በመቶኛ ይመደባሉ። «60 በመቶ» ሲባል ለአራት ሰው ቤተሰብ ጣሪያው 92,820 ዶላር፣ ብቻውን ለሚኖር ደግሞ 65,000 ገደማ ነው። ኪራዩም ከዚያው ጣሪያ ስለሚሰላ፣ ለአንድ ሰው በወር ከ1,600 ዶላር ዘለል ይላል። በዓመት 40,000 ለሚያገኝ ሰው ይሄ አፎርደብል አይደለም። «30 በመቶ» የሚል ቤት ግን ለአራት ሰው ቤተሰብ ጣሪያው 46,400 ገደማ ነው፤ ይሄኛው ብዙ የኛን ቤተሰብ ይነካል።

እንግዲህ የዲቨሎፐሩ ማመልከቻ ላይ ሦስት ነገር ፈልጉ። ስንት ቤት በስንት በመቶ ተመድቧል? ስንቱ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት መኝታ ነው? ቦታው ላይ አሁን ተከራይ ካለ፣ ሕንፃው ሲያልቅ ተመልሶ መግባት ይችላል ወይ? የመጨረሻው መልስ «አይችልም» ወይም ድፍንፍን ያለ ከሆነ፣ ድጋፋችሁን በዚያ ላይ ቅድመ ሁኔታ አድርጉት። ደጋፊ መሆን ሁሉን አሜን ማለት አይደለም።

4. የተቃዋሚውን ፍርሃት ከነስሙ እወቁት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

መጀመሪያ ራሳችንን እንመልከት። ተቃዋሚ ሲባል ነጭ ሽማግሌ ብቻ የሚታያችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። የኛ ሰውም ሃያ ዓመት ታክሲ ነድቶ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ሲገዛ፣ በማግስቱ «እነዚህ አፓርታማዎች ለምን እዚህ?» ሲል ሰምቻለሁ። ቡና ላይ አንድ የማከብራቸው ጋሼ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ያለኝ ሀብት ይሄ ቤት ብቻ ነው። ዋጋው ቢወርድ ማን ይደርስልኛል?»

«ጋሼ፣ ልጆችዎ የት ነው የሚኖሩት?»

«አንዷ ፍሬደሪክ ናት፤ እዚህ ኪራዩን አልቻለችውም። ልጁ ቤዝመንታችን ነው።»

ከዚያ በላይ አልተከራከርኩም። ቡናችንን ጠጣን።

የዋጋው ፍርሃት ባዶ አይደለም፤ በማስረጃ እንየው። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በታክስ ቅናሽ የተሠሩ የአፎርደብል ሕንፃዎችን አጥንተው ነበር። ድሃ ሰፈር ውስጥ ሲሠሩ የአካባቢው የቤት ዋጋ 6.5 በመቶ ገደማ ጨመረ። ሀብታምና ነጭ በሚበዛበት ሰፈር ደግሞ በጣም በተጠጉ ቤቶች ላይ 2.5 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ስለዚህ «በፍጹም አይቀንስም» ብላችሁ አትማሉ። «አንዳንድ ቦታ ትንሽ፣ አንዳንድ ቦታ እንዲያውም ይጨምራል» ብትሉ እውነት ነው፤ ተዓማኒነትም ታተርፋላችሁ።

ወንጀልን በሚመለከት የኒው ጀርሲዋን ማውንት ሎረልን ጥቀሱ። እዚያ ጥቁር ቤተሰቦች ከትውልድ ከተማቸው በኪራይ እየተገፉ ሲወጡ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1975 ከተሞች ዝቅተኛ ገቢ ያለውን ሰው በዞኒንግ መዝጋት አይችሉም አለ። ክርክሩ ግን አላበቃም፤ በክርክሩ ከተገኙት አፎርደብል ቤቶች የመጀመሪያዎቹ ሰው የገባባቸው በ2000 ነው። ሩብ ምዕተ ዓመት! በኋላ የፕሪንስተን ተመራማሪዎች አካባቢውን ከሌሎች ተመሳሳይ ከተሞች ጋር አነጻጸሩት። ወንጀሉ አልጨመረም፣ የቤት ዋጋው አልወደቀም፣ ግብሩም በዚያ ምክንያት አልናረም። ከጎረቤቶቹ ብዙዎቹ የሕንፃዎቹን ስም እንኳ አያውቁትም ነበር።

ፓርኪንግ። ይሄ ለብዙ ሰው ከልብ የመነጨ ብሶት ነው፤ አትሳቁበት። መልሱ ቴክኒካል ነው። ዲሲ ከሜትሮ (የከተማ ባቡር) ጣቢያ በግማሽ ማይል ውስጥ ለሚሠሩ ሕንፃዎች የሚጠየቀውን የፓርኪንግ ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል፤ ምድር ቤት አንዷን የመኪና ቦታ መቆፈር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይፈጃል፣ ያም ኪራይ ላይ ይጫናል። በስምምነት ውስጥ የአዲሱ ሕንፃ ነዋሪዎች የመንገድ ፓርኪንግ ፈቃድ እንዳያወጡ የሚደረግበትም ጊዜ አለ። ልብ በሉ፦ ይሄ ለጎረቤቱ ደስታ ነው፤ ኡበር ለሚነዳ ተከራይ ግን ራስ ምታት። መኪናችሁ እንጀራችሁ ከሆነ ይሄንን ተቃወሙ፤ ሕንፃውን አይደለም።

ትምህርት ቤትና የጎርፍ ፍሳሽ በቁጥር የሚመለሱ ናቸው፤ የከተማው ሪፖርት ኬዙ ውስጥ አለ፣ አንብቡት። ተቃዋሚው ትክክል የሆነበት ነገር ካለ ትክክል ነው በሉ።

አንድ ነገር ግን አይታለፍም። አንድ ሰው «እንደነዚህ ዓይነት ሰዎች» ማለት ሲጀምር። የ1968ቱ የፌዴራል የቤት ሕግ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በትውልድ አገር ቤት መከልከልን ያግዳል፤ ልጅ ያለው ቤተሰብም በኋላ ተጨምሯል። ዲሲ ደግሞ ኪራዩን በቫውቸር (በመንግሥት የኪራይ ድጎማ) የሚከፍለውን ሰው ጭምር ይጠብቃል። ሰውየውን አትስደቡት። ተራችሁ ሲደርስ ረጋ ብላችሁ «ይህ ቦርድ የሚወስነው ስለ ሕንፃ ነው፤ ማን ይገባበታል በሚል መወሰን ሕጉ አይፈቅድለትም» በሉ። ክፍሉ ጸጥ ይላል።

5. ሦስት ደቂቃችሁን አዘጋጁ

ዞኒንግ ኮሚሽን ፊት ግለሰብ ሦስት ደቂቃ፣ ድርጅት አምስት ደቂቃ አለው። ዕድራችሁ ወይም ማኅበራችሁ በስሙ አንድ ሰው ከላከ ሁለት ደቂቃ አተረፋችሁ። ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ተመዝገቡ፤ ጽሑፋችሁንም በዚያው ሰዓት አስገቡ።

እንግሊዝኛ ካልመቻችሁ በአማርኛ ተናገሩ። የዲሲ የቋንቋ ሕግ ከ2004 ጀምሮ አለ፤ አማርኛም የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዷቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስተርጓሚ ቢያንስ ከሳምንት በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። የአስተርጓሚው ሰዓት ከእናንተ ሦስት ደቂቃ እንዳይቀነስም አብራችሁ ጠይቁ፤ ካልጠየቃችሁ ሰዓቱ ይቆጥራል። የልጃችሁን እንግሊዝኛ አትመኑ፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ «ዞኒንግ»ን ሲተረጉም አይቻለሁ።

ንግግሩ ውስጥ አራት ነገር ይበቃል፦ ማን ናችሁ፣ እዚህ ምን ትሠራላችሁ፣ ምን ደረሰባችሁ፣ ምን ትጠይቃላችሁ። ስታቲስቲክሱን ለጽሑፉ ተዉት። ኮሚሽነሮቹ ቁጥር ከባለሙያ ይሰማሉ፤ ከእናንተ የሚፈልጉት የማይሰሙትን ነው። እንደዚህ ለምሳሌ፦

«ስሜ እገሊት ይባላል። እዚህ ሰፈር 9 ዓመት ተከራይቼ ኖሬአለሁ። ሆስፒታል ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ባለፈው ዓመት ኪራይ ሲጨምር የሥራ ባልደረባዬ ውድብሪጅ ሄደች፤ አሁን ሥራ ለመድረስ ሁለት አውቶቡስ ትቀያይራለች። ቀጣይዋ እኔ ነኝ። እዚህ ሕንፃ ውስጥ የሚገቡት ከሌላ ቦታ የሚመጡ እንግዶች አይደሉም፤ ዛሬም እዚሁ የምትቆጥሩን ሰዎች ነን። ፕሮጀክቱን አጽድቁልን። የባለ ሦስት መኝታው ቁጥር ይጨመር፤ እናቶቻችን ልጅ ሊያሳድጉልን ሲመጡ ስቱዲዮ አይበቃንም።»

ከሦስት ደቂቃ ያነሰ ነው። ያነሰ ይሻላል። ሰዓት ይዛችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ በልብ ሲነበብና በአፍ ሲነገር አይገናኝም። እኛ ደግሞ ሰላምታችን ረዥም ነው። «በመጀመሪያ ይህን ዕድል ስለሰጣችሁኝ ከልብ የመነጨ…» ስትሉ ግማሽ ደቂቃ ሄደች።

የምትኖሩበትን ሰፈር ሳይሆን የምትሠሩበትን ሰፈር ብትደግፉም ችግር የለም። «አንተ እዚህ አትኖርም» የሚል ይኖራል። «አዎ፣ ስላልቻልኩ ነው የመጣሁት» በሉት።

6. ብቻችሁን አትሂዱ

አንድ ደጋፊ በቀላሉ ይረሳል፤ ስድስት አይረሳም። ዕቁባችሁ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ወይም የመስጊዱ ጀማ፣ የታክሲ ጓደኞቻችሁ አሉ። ሁሉም አንድ ዓይነት ደብዳቤ ገልብጦ ከላከ ግን እንደ አንድ ይቆጠራል። እያንዳንዱ ሁለት አንቀጽ በራሱ ቃል ይጻፍ፤ የኬዙን ቁጥር ከላይ ያድርግ። በአማርኛ ተናግሮ የሚጽፍለት ሰው ያግኝ።

የኤኤንሲ ኮሚሽነራችሁንም ከስብሰባው በፊት ቡና ጋብዙ። ደመወዝ የሌለው ሰው ነው፤ በኢሜይል የሚደርሰው በአብዛኛው ስድብ ነው። በጨዋነት የሚያናግረው ተከራይ ሲያገኝ አይረሳውም።

7. ለረዥም ጊዜ ተዘጋጁ

ፕሮጀክቱ ስብሰባው ላይ በድምፅ ብልጫ ቢያልፍም ተቃዋሚው ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል፤ መብቱ ነው። ከዋሽንግተን ሆስፒታል ሴንተር ማዶ ያለውን የማክሚላንን የድሮ ውሃ ማጣሪያ አስቡ። 25 ኤከር ነው። ከተማው በ1987 ከፌዴራል መንግሥት የገዛው በ9.3 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ዞኒንግ ኮሚሽኑ ቦታው ላይ የታሰበውን፣ ቤቶችም ያሉበትን ልማት በ2014 ቢያጸድቅም፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2016 ውሳኔውን ሽሮ መለሰው። ተቃዋሚዎቹ ፓርክ ይሁን፣ ታሪካዊው ቦታ ይጠበቅ የሚል የራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። ቢሆንም አጥሩ ለዓመታት አጥር ሆኖ ኖረ።

ሌላ ምሳሌ፦ ዲሲ ትልቁን የቤት አልባ ቤተሰቦች መጠለያ ዘግቶ በየዋርዱ (ከተማው በተከፋፈለባቸው የምርጫ ክልሎች) ትናንሽ መጠለያ ለመሥራት በ2016 ሲወስን፣ ዋርድ 3 ውስጥ አይዳሆ አቨኑ ያሉ ጎረቤቶች ከፖሊስ ጣቢያው ጎን እንዳይሠራ ከሰሱ። አልተሳካላቸውም። ሕንፃው በ2020 ተከፈተ፤ 50 ቤተሰብ ይይዛል።

ስለዚህ ከሂሪንጉ በኋላ የኬዙን ገጽ በየወሩ ክፈቱ። የመጨረሻው ትዕዛዝ ሲወጣ የተስማሙበት የቤት ቁጥርና መቶኛ በጽሑፍ መግባቱን አረጋግጡ። በቃል የተባለ ነገር በቃል ይቀራል።

ደገፋችሁ ተብሎ ቁልፍ አይሰጣችሁም፤ ይህንን አሁኑኑ ልንገራችሁ። ዲሲ ውስጥ በአዳዲስ ሕንፃዎች የሚገኙት አፎርደብል ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚከፋፈሉት በሎተሪ ነው፤ ሎተሪው ውስጥ ለመግባት ደግሞ መጀመሪያ የገለጻ ክፍል ወስዶ መመዝገብ ያስፈልጋል። ክፍሉን ሕንፃው ሳይጀመር ውሰዱት። የደመወዝ ወረቀታችሁን፣ የግብር ወረቀታችሁን በአንድ ፎልደር አስቀምጡ። ኡበርና ሊፍት ለምትነዱ፣ ገቢያችሁን ለማሳየት የሚጠየቀው ወረቀት ብዙ ነው፤ ሒሳባችሁን ዓመቱን ሙሉ ያዙ። ስልክ ቁጥር ስትቀይሩም አሳውቁ፤ ዕጣው ወጥቶላት በድሮ ቁጥሯ የተደወለላት ሴት አውቃለሁ።